ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሞተው ፕሮግራም

ሐሙስ
ሰው ገብቷል። ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም። ያለፉትን ሦስት ቅዳሜዎች መዝገብ ዛሬ ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁት። ሦስቱንም ቀን ፕሮግራሙ የሞተው ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። በሌላው ቀን ጤነኛ ነው። ቀን የሚመርጠው ሰው እንጂ ፕሮግራም አይደለም።

ይህ ፕሮግራም የምንጽፈውን የሩዝ ምክር ከግብርና ቢሮው ኮምፒውተር ወደ ገበሬዎች ስልክ ያሻግራል። የማንም ድርጅት ንብረት አይደለም። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ በየአገሩ የተበተንን ሰዎች በትርፍ ጊዜያችን እንጠግነዋለን። ወረታ ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

የጠረጠርኳቸው፦
— መብራት። አይደለም፤ ባትሪ አለው።
— ባለፈው ወር ማሻሻያ የላከው የማላውቀው ሰው። መስመር በመስመር አነበብኩት። ንጹሕ ነው። እንዲያውም ከእኔ ይሻላል፤ ያ ደግሞ አናደደኝ።
— አያ ሞላ፣ የግቢው ጥበቃ። ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ነው፤ ቁልፉ ያለው እሳቸው ጋ ብቻ ነው።

ዓርብ
አያ ሞላን ቅዳሜ ወደ ክፍሌ ይገቡ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ምን ልሠራ እገባለሁ ልጄ?» አሉኝ። ዝምታቸው አልጣመኝም። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር።

ለኃላፊያችን ነገርኩት። እሱ እንኳን ነግረውት፣ የአንድ ለአምስቱ ስብሰባ ከተጀመረ ወዲህ በየጥጉ ሰርጎ ገብ ነው የሚታየው። ሠራተኛውን ሁሉ ግቢ ውስጥ ሰበሰበና የአባቱ እኩያ የሆኑትን ሰው «አንተ፣ ቁልፉን አስረክብ» አላቸው። ፊቴን ሳያዩ ሰጡኝ። የስንብት ደብዳቤው ሰኞ ይፈረማል ተባለ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እራት አልበላ አለኝ።

ቅዳሜ
በሩን ከውስጥ ቆልፌ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ፕሮግራሙ ዓይኔ እያየ ሞተ።

አፈርኩ። ቀጥሎ ፈራሁ። ሰውዬው እኮ እንጀራቸውን ሊያጡ ነው።

አስነሳሁት፤ ደግሞ ሞተ። መዝገቡን ከፈትኩ። ከመሞቱ በፊት «መልእክቱ ደርሷል» የሚል ማረጋገጫ በመቶ በመቶው ይጎርፋል። ዛሬ ግን ምንም አልላክንም። የደረሰው ማክሰኞ የላክነው ነው። እስከ ዛሬ የት ነበር?

ግራ ሲገባኝ ገበያ ወጣሁና ስልክ ቻርጅ የሚያደርጉበት ሱቅ ደጃፍ ቆምኩ። የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ሰው መብራት ስለሌለው ባትሪው እንዳያልቅ ስልኩን አጥፍቶ ይሰነብታል፤ ቅዳሜ ገበያ ሲመጣ እዚህ ያሰካዋል። መደርደሪያው ስልክ በስልክ ነው። የየባለቤቱ ስም በፕላስተር ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ባለሱቋ እየሰካች ታበራለች፤ የበራው ሁሉ ይጮኻል። አንዱን አሳየችኝ። የእኔ መልእክት።

«ገበያ በቆመ ቁጥር እንዲህ ናቸው፤ ጆሮዬን በሉት» አለችኝ።

ፕሮግራሙ ማረጋገጫዎቹን የሚያጠራቅምበት ቦታ ጠባብ ነው። ሁሉም ባንዴ ሲመጡ ይሞላና ይወድቃል። ያንን ክፍል የጻፍኩት ራሴ ነኝ፣ አምና፣ የተመዘገበው ገበሬ ገና ጥቂት ሳለ።

እሑድ
ስድስት መስመር ብቻ ነው የፈጀው። ላክሁት። ያ የማላውቀው ሰው አይቶ ተቀበለው። «ግን ስልካቸውን ለምን ያጠፉታል?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገ እመልስለታለሁ።

ከሰዓት በኋላ በጭቃው አያ ሞላ ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ይቅርታ ጠየቅሁና ቁልፉን ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

«በሰው ፊት ነው የተነጠቅሁ። በጓሮ አልቀበልም።»

ዓርብ ለምን ዝም እንዳሉኝ ጠየቅሁ።

«ይኸን ያህል ዘመን ስጠብቅ እንዲያ ብሎ የጠየቀኝ የለም። የምለው ጠፋኝ።»

ሰኞ
ኃላፊው፣ «የፕሮግራም ችግር ነበር ብለሽ ጻፊና ይለፍ፤ አንቺ ምን አገባሽ?» አለኝ። አልጻፍኩም። ሠራተኛው ለስብሰባ ግቢ ሲወጣ ቆምኩና ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አያ ሞላ እጃቸው የለበትም አልኩ። ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። ኃላፊው ፊቱ ጠቆረ፤ ደብዳቤው ቀርቷል ለማለት ግን ተገደደ።

አያ ሞላ ቁልፉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ሁሉም ሲበተን ጠጋ አሉና፣ «ወደፊት አንድ ነገር ሲበላሽ፣ መጀመሪያ የምትጠረጥሪ ማንን ነው ልጄ?» አሉኝ።

ራሴን ነው ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ውሸት እንዳይሆንብኝ ፈራሁና መልሼ ዋጥኩት።