«ማርያም» በሚል ስም የተመዘገቡት የማዕበል ጥናቶች የእኔ ስለመሆናቸው

ቀን፦ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቡግና ዩኒቨርሲቲ የምርምር ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት ጽ/ቤት
ላሊበላ

አመልካች፦ ዶ/ር ጽጌማርያም ምስጋኑ፣ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል መምህር

ጉዳዩ፦ የምስክርነቱ ቃል እንዲስተካከልልኝና የተከፈተብኝ የዲሲፕሊን ክስ እንዲታገድልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. የምመራመረው በውቅያኖስ ማዕበል ላይ ነው። ትምህርቴን ኖርዌይ ጨርሼ ወደ አገሬ ከተመለስኩ ወዲህም ሥራዬን አላቋረጥኩም። ከማዕረግ ዕድገት ኮሚቴው አባላት አንዱ «ላስታ ላይ ደግሞ ምን ማዕበል አለ» ብለው ስብሰባውን አስቀውብኛል። ማዕበሉን የማሰላው በኮምፒውተር ነው፤ መብራት እስካለ ድረስ ገደል ጫፍ ላይ ብቀመጥም ባሕር ዳርቻ ብቀመጥም ልዩነት የለውም። በዚህ ግን አቤት አልልም፤ ቀልድ ነው፣ አልፏል።

2. ያላለፈው የስሜ ነገር ነው። ስሜ አንድ ቃል ነው፤ ጽጌማርያም። የመጀመሪያ ጽሑፎቼ ሲታተሙ ኖርዌያዊው አማካሪዬ ስሜን ለሁለት ከፈሉት። በእነሱ ልማድ የመጨረሻው ቃል የቤተሰብ ስም ስለሆነ «ማርያም፣ ጽ.» ብለው አስመዘገቡኝ። በኋላ ያሳተምኳቸው ደግሞ በአባቴ ስም «ምስጋኑ፣ ጽ.» ተብለው ወጡ። የተመራማሪዎች ጽሑፍ በሌሎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ የሚቆጥረው የኢንተርኔት መዝገብም ሁለት ሰው አድርጎ አስቀመጠን። ከሁለታችን ዕድለኛዋ ማርያም ናት። ከደቡቡ ውቅያኖስ ተነሥቶ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን የምሥራቅ አፍሪካን ዳርቻ ስለሚመታው ማዕበል የጻፍኩት፣ ከሥራዎቼ ሁሉ ይበልጥ የሚጠቀሰው ጥናት፣ ያለው በእሷ ስም ነው። ምስጋኑ የተባልኩትን እኔን የሚጠቅሰኝ ጥቂት ሰው ነው።

3. ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ሳመለክት ሁሉንም አቀረብኩ። ኮሚቴው «ማርያም የተባሉ የሌላ ተመራማሪን ሥራዎች የራስዋ አስመስላ አቅርባለች» ሲል ጉዳዬን ወደ ዲሲፕሊን መራው። አማካሪዬ የጻፉልኝን ማረጋገጫ ባቀርብም «ከአገር ውስጥ አካል የተሰጠ አይደለም» ተብሎ ተመለሰብኝ። ከዚያም የሕግ ክፍሉ የምስክርነቱን ቃል ራሱ አርቅቆ ሰጠኝ፦ «ማርያም ማለት ጽጌማርያም ምስጋኑ መሆኗን እናረጋግጣለን»። ይህን ቀበሌው በማኅተም፣ ምስክሮችም በመሐላ እንዲያጸኑልኝ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላቀረብኩም ከሥራ እንደምሰናበት ተነገረኝ።

4. ክቡርነትዎ የዚህ አገር ሰው ነዎት፤ ይህን ቃል ላስታ ውስጥ ማን ደፍሮ እንደሚፈርመው እስኪ ያስቡት። የቀበሌው ጸሐፊ አቶ ሞላ መጻፍ ጀመሩና «ማርያም ማለት» ከሚለው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። «ዶክተር፣ አለቃዬን ባስቀይም ይቅርታ ጠይቄ ያልፋል፤ ከእመቤቴ ጋር ግን ማን ያስታርቀኛል?» አሉኝና ወረቀቱን መለሱልኝ። የክርስትና እናቴ እትዬ አገሬም እንደዚሁ። «ስምሽ የማርያም አበባ ማለት አይደል? አበባዋ ናት በይ ካላችሁኝ እምላለሁ። ራሷ ናት ብዬ ከማልኩ ግን በምን ዓይኔ ደጇን እረግጣለሁ?» አሉ። አልተቀየምኳቸውም። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ቢያመጣልኝ እኔም አልፈርምም።

5. አባቴ መሪጌታ ምስጋኑ የገነተ ማርያም አገልጋይ ናቸው፤ ስሙን ያወጡልኝም እሳቸው ናቸው። ነገሩን ሳዋያቸው «በስሟ ከተጻፈ ይሁንላት፤ ስለት ሰጠሁ በይና ተይው» አሉኝ። አባቴን እምቢ ብዬ አላውቅም፤ በዚህ ግን አልታዘዝኳቸውም። ወሬው ተማሪዎቼ ዘንድ ደርሷል፤ ክፍል ስገባ ጨዋታቸውን ያቋርጣሉ። ሌባ መባል ያንገበግባል። የገዛ ሥራውን ሰረቀ የተባለ ሰው ምን ብሎ እንደሚከራከር ደግሞ ጭራሽ ግራ ገብቶኛል።

ስለዚህ፦

ሀ/ የምስክርነቱ ቃል «‹ማርያም፣ ጽ.› ተብሎ በመዝገብ የተጻፈው ስም የጽጌማርያም ምስጋኑ ነው» ተብሎ እንዲለወጥልኝ፤ እንዲህ ከሆነ አቶ ሞላም እትዬ አገሬም ሳያቅማሙ ይፈርማሉ፤

ለ/ ይህ እስኪፈጸም የዲሲፕሊን ክሱ እንዲታገድልኝ፤

ሐ/ አሁንም ጥርጣሬ ካለ ጽ/ቤቱ የፈለገውን ባለሙያ ጠርቶ፣ የጥናቱን ስሌት ከመነሻው ጀምሬ ፊቱ ሰሌዳ ላይ እንድሠራ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የማርያምን ጥናቶች ከማመልከቻዬ ካወጣሁ ክሱ እንደሚቀርልኝ ከኮሚቴው በቃል ተነግሮኛል። አልቀበለውም። ስለት የሚሰጠው ወዶ ነው። ለእመቤቴ ጧፍ አበራለሁ፣ ጾሟን እጾማለሁ፤ ማዕበሉን ግን ያሰላሁት እኔ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ጽጌማርያም ምስጋኑ

ግልባጭ፦
ለሕግ አገልግሎት ክፍል
ለመሪጌታ ምስጋኑ፣ ገነተ ማርያም