ላይኛውን ሰፈር በእግራቸው የቆጠሩት አባታችን

አባታችን በ1938 ዓ.ም. በላይኛው ሰፈር ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ያን ጊዜ ሰፈሩ ሠላሳ አራት ቤትና አንድ የጋራ ቧንቧ ነበረው። ትምህርታቸውን በታችኛው ሰፈር ጨርሰው፣ የሂሳብ አያያዝ ሠልጥነው፣ በ1959 በማዘጋጃ ቤቱ በጀት ክፍል ተቀጠሩ። ክፍሉ ሁለት ጠረጴዛና በሩ አልገጥም ያለ ቁም ሣጥን ነበረው። እርሳሳቸውን በምላጭ ሲቀርጹ የሚሰማው ድምፅ ዛሬም ከጆሯችን አልጠፋም። በ1964 የዚያው መሥሪያ ቤት ታይፒስት የነበሩትን እናታችንን አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ።

ማዕከላዊው መንግሥት ለከተማው ድጎማ የሚሰጠው በሕዝብ ብዛት ነበር፤ የሚሠራበት ቆጠራ ግን አሥራ ስምንት ዓመት አልፎታል። በዚያ ወረቀት ላይኛው ሰፈር ስድሳ ቤት ብቻ ነበር። ቤቱ ከሺህ ቢያልፍም ለአዲስ የውኃ መስመር በጀት አልተገኘም፤ ሰው ጄሪካን ይዞ ተሰልፎ ይውላል።

በ1971 አባታችን በእረፍት ቀናቸው በር እያንኳኩ መቁጠር ጀመሩ። ሰዉ ግብር የመጣበት መስሎት ልጆቹን ይደብቅ ነበር። አንዲት ዳቦ ጋጋሪ፣ «ጋሼ፣ አራቱን ይጻፉ፤ ሁለቱን እንዳላዩ ይለፉልኝ» ቢሏቸው፣ «እነሱ ውኃ አይጠጡም እንዴ?» ብለው ስድስቱንም እንደጻፉ እየሳቁ ይነግሩን ነበር። «ጋሼ ቆጠራ» የተባሉት ከዚያ ወዲህ ነው።

በሰባት ወር 1,086 ቤትና 6,412 ሰው መዘገቡ። መዝገቡ ታሽጎ ከተላከ በኋላ እናታችን ቅጂውን ሲያገላብጡ፣ «አንተ ሰውዬ፣ የሰው በር ስታንኳኳ የራስህን ረሳኸው እኮ!» አሏቸው። እውነትም አምስታችንም የለንበትም። ይታረም ቢባሉ፣ አንድ ስርዝ ድልዝ መላውን መዝገብ ያጠራጥራል ብለው እምቢ አሉ። ሳንቆጠር ቀረን።

የበላዩ መሥሪያ ቤት ተጠራጥሮ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ላከ። መቶ ቤት ደግመው ቆጠሩ፤ ልዩነቱ ሦስት ሰው ሆነ። በ1974 የከተማው ድርሻ ከሩብ በላይ ጨመረ፤ በዓመቱ አዲሱ ቧንቧ ላይኛው ሰፈር ደረሰ። ያን ቀን አባታችን ሥራቸውን ጥለው አልመጡም፤ ማታ ገብተው እጃቸውን ታጥበው፣ ቧንቧውን ዘግተው፣ እንደገና ከፈቱት።

በ1993 ጡረታ ወጡ። በኩላሊት ሕመም ለሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ዐረፉ። እናታችንን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ብዙ የሄደ እግራቸው ይረፍ፤ ነፍሳቸውም ከደጋጎቹ ጎን ትቀመጥ።

ባረፉበት ሳምንት፣ ከላይኛው ሰፈር 2,140 ቤቶች መካከል ቧንቧ ያልገባላቸው አሥራ አንድ ነበሩ።