ድንጋዩን ለይተው ላወቁ፣ ሰውዬውን ግን ላላወቁ ክቡር ሹም

ነገሌ ቦረና፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ከባሕር ማዶ ስለሚኖሩ ቻይናውያን ለሚቀርብላቸው ጥያቄ መልስ ለሚሰጡ፣ በመልሳቸውም ላይ ማኅተሙን አሳምረው ስማቸውን ለተዉት ክቡር ሹም፤

ጤና ይስጥልኝ። ይህ ደብዳቤ ከጠረጴዛዎ ሲደርስ ጉልበትዎ ጸንቶ፣ ዓይንዎ ጠርቶ፣ ባለፈው ወር ለእኛ መልስ በጻፉበት ቀን ከነበሩበት ጤና በእጅጉ በተሻለ ጤና ላይ ሆነው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ በዚህ ከተማ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት አገልግዬ በጡረታ የምኖር የሰባ አራት ዓመት ሰው ነኝ፤ አቤት ማለትም ልማዴ አይደለም። በልጅነቴ ከየኔታ ዘንድ ስማር ቀን ቁራሽ ለምኜ፣ ማታ ዳዊት ደግሜ፣ አንዲት ቃል በሳትኩ ቁጥር አርጩሜ ቀምሼ አድጌአለሁ፤ አላማረርኩም። ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜ ከባለቤቴ ከወይዘሮ ወለተሐና ጋር በእግር ወደ ኬንያ ተሰድጄ፣ በኢሲዮሎ የስደተኞች ሰፈር ሁለት ልጆቼን በወባ ቀብሬአለሁ፤ አላማረርኩም። በዚያው ሰፈር ስም የሚመዘግበው እንግሊዛዊ ጸሐፊ፣ መንግሥቱ የአገሬን መወሰድ በቅርቡ አጽድቆ ስለ ነበር፣ ከስሜ ጎን «አገር» በሚለው ስፍራ አንዲት ሰረዝ ብቻ ጫረብኝ፤ አላማረርኩም። ነፃነት ተመልሶ ነገሌ ስመደብ የተሰጠኝ ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ስላልነበረው፣ መዝገቡን ካፖርቴን አልብሼ እኔ ዝናብ እየመታኝ ጽፌአለሁ። ጡረታ ስወጣ የተሸለምኩት የግድግዳ ሰዓት እንኳ ከተሰጠኝ ቀን ጀምሮ ስድስት ሰዓት ላይ ቆሞ፣ ቤቴ የገባ እንግዳ ሁሉ ምሳ የደረሰ እየመሰለው ይቀመጥብኛል፤ እሱንም አላማረርኩም። ስለዚህ ዛሬ የዕድሜዬን የመጀመሪያ ምሬት ለክቡርነትዎ ስሰጥ፣ ለማንም ሰጥቼ የማላውቀው ክብር መሆኑን እንዲገነዘቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ጉዳዩ፣ በቤቴ ገበያውን በሚያየው ክፍል ፎቶግራፍ ቤት የከፈተውን ታን ስዌ ሊያንግን የሚመለከት ነው። አያቶቹ ከአገርዎ ከቻይና ወደ ጃቫ ደሴት ተሻገሩ፤ እሱ እዚያው ተወልዶ በገጠር ሱቅ ያዘ። በእኛ አቆጣጠር በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. የኢንዶኔዥያ መንግሥት የውጭ አገር ሰው በገጠር አይነግድ ብሎ ሱቁን ዘጋበት። ሁለቱ መንግሥታት ባደረጉት ውል መሠረት ሁለት ዜግነት ያለው ሁሉ በሁለት ዓመት ውስጥ አንዱን እንዲመርጥ ታዝዞ ነበር፤ ነገር ግን ቀኑ ባለቀ ጊዜ ታን በመርከብ ላይ ወጥ ቤት ሆኖ በባሕር መካከል ሽንኩርት ይከትፍ ስለ ነበር ሳይመርጥ ቀረ። ሞምባሳ ላይ ወርዶ፣ ካሜራውን አንግቦ፣ በጭነት መኪና በሞያሌ በኩል በሚያዝያ ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ነገሌ ገባ።

የውጭ አገር ሰዎችን የሚመዘግበው የዚያን ጊዜ ጸሐፊ ከየት አገር እንደ መጣ ጠየቀው። ታን የማይዋሽ ሰው ነውና «ከሞያሌ» አለ። ጸሐፊውም «አገሩ፤ ሞያሌ» ብሎ ጻፈ። የሞያሌ ዜጋ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት በሰላም ኖረ። በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. የክቡርነትዎ መንግሥትና የእኛ መንግሥት ወዳጅነት መሠረቱ፤ ደስ አለን። ከዚያ በኋላ የተሾመው አዲሱ ጸሐፊ ግን፣ ብርቱ ሰው ነውና፣ ሞያሌ አገር አለመሆኗን ደረሰበት። እስከ ሰኔ ፴ ቀን ዜግነቱን የሚያረጋግጥ የአገሩን መንግሥት ደብዳቤ ያላመጣ እንደ ሆነ ታን ከአገር ይውጣ ብሎ ወሰነ። በዚህ አውራጃ በመታወቂያ ወረቀት ላይ ያለውን ፊት ሁሉ፣ የዚህን ጸሐፊ ፊት ጭምር፣ ያነሣው ታን ነው፤ ፊቱን የሚያውቅለት መንግሥት ያጣውም እሱ ብቻ ነው።

ለክቡርነትዎም ለኢንዶኔዥያም ጻፍን። ክቡርነትዎ፣ ሰውዬው በጃቫ የተወለደ ስለ ሆነ፣ በባሕር ማዶ ያሉ ወገኖችዎም የሚኖሩበትን አገር ዜግነት እንዲይዙ መንግሥትዎ ስለሚመክር፣ ዜጋችን ብለን አናውቀውም አሉ። ኢንዶኔዥያ ደግሞ ውሉ ስለ ፈረሰ ሰውዬው ቻይናዊ ነው አለች። ሁለት መንግሥታት በአንድ ፎቶግራፍ አንሺ ላይ እንዲህ ያለ ትሕትና ሲያሳዩ፣ እያንዳንዱም ወንድሜ ይውሰደው ብሎ ሲግደረደር በዕድሜዬ አላየሁም። በዚህ የተነሣ የሚከተሉትን አቀርባለሁ።

፩ኛ. ከጎረቤት ጋር ስለ መኖር መንግሥትዎ ላወጣቸው አምስት መርሖዎች አመሰግናለሁ። መከባበርን፣ አለመዳፈርን፣ በሌላው ጉዳይ አለመግባትን፣ እኩልነትንና በሰላም አብሮ መኖርን በዓብዱልሀኪም ሻይ ቤት ሬዲዮ ደጋግሜ ሰምቼ በቃሌ ይዣለሁ። የእሾህ አጥሩ በየክረምቱ አንዳንድ ክንድ ወደ ግቢዬ ለሚራመደው ጎረቤቴ ለአቶ ዱቤም አምስቱን በተራ አስረዳሁት። በጥሞና አዳምጦ፣ «ባላምባራስ፣ አምስቱንም ተቀብያለሁ፤ አጥሩ ግን እዚያው ይቆያል» አለኝ። ከሕንድ ጋር በተራራ ላይ፣ ከሶቪየት ጋር ደግሞ በወንዝ መካከል ስላለች ደሴት የተተኮሰውን በሬዲዮ ስሰማ፣ አቶ ዱቤ መርሖዎቹን ከእኔ ይልቅ በሚገባ እንደ ተረዳቸው ተገለጠልኝ።

፪ኛ. በ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. ከበርማ ጋር ድንበር ስትካለሉ የሁለቱ አገር ሰዎች ጫካውን በእግራቸው ዞረው፣ የውሃውን መውረጃ ለክተው፣ ምልክት እንዳቆሙ ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የሚያስቀና ነው። በዚያ ተራራ ላይ ያለ ድንጋይ ሁሉ የማን እንደ ሆነ ታውቆ ተጽፎለታል፤ ዝናብ አንከባሎ ወደ በርማ ቢጥለውም የሚጠይቅለት አያጣም። ታን በድንጋይነት አልተፈጠረም፤ ጥፋቱ ይህ ከሆነ በእሱ ፈንታ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፫ኛ. በባሕር ማዶ ያሉት ቻይናውያን ሲነግዱ፣ ሲያዋጡና ሲያጨበጭቡ «ወገኖቻችን» ይባላሉ፤ ሱቃቸው ሲዘጋና ወረቀት ሲጠይቁ ግን «የሚኖሩበት አገር ዜጎች» ይሆናሉ። ከአንዱ ስም ወደ ሌላው የሚሻገሩበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ የሚያስታውቅ ሰሌዳ ቢኖር፣ ታንን የመሰሉ ሰዎች በዚያ ቀን ሽንኩርት ባልከተፉ ነበር።

፬ኛ. ማኅተምዎ እጅግ ያምራል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ወሬው አቶ ጂሎ ዘንድ ደረሰ። አቶ ጂሎ የቦረና ሽማግሌ ናቸው፤ እናታቸው ሳይሞቱ ታን ያነሣቸው ፎቶግራፍ በቤታቸው አለ። በሚያዝያ መጨረሻ ሽማግሌዎቹ ከግራር ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ታንን አስጠሩ፤ እኔና አቶ ዱቤም ተከትለን ሄድን። ናጋ፣ ማለትም ሰላም፣ ተባብለን ወተት ከቀረበ በኋላ ወረቀት ያለው እንደ ሆነ አልጠየቁትም። ስንት ዓመት ውሃችንን ጠጣህ አሉት፤ አሥራ አንድ አለ። በጉድጓድ ወረፋ ከማን ጋር ተጣላህ አሉት፤ ከማንም አለ። ስትሞት ማን ይቀብርሃል አሉት። ታን ወደ እኔ ተመለከተ። ሳይጠየቅ በሸንጎ ተናግሮ የማያውቀው እኔ ተነሥቼ፣ «እኔ» አልኩ። አቶ ዱቤ ከኋላ ሆኖ፣ «ባላምባራስ፣ በሰባ አራት ዓመትዎ? ይልቅ እሱ ነው አንቱን የሚቀብር!» ቢል ሽማግሌዎቹ እስኪያነቡ ሳቁ። ነገሩም እዚያው አለቀ፤ ከጎሳቸው ቆጠሩት፤ ዳዳቻም፣ በቋንቋቸው ግራር፣ ብለው ስም አወጡለት። ቀትር አልደረሰም ነበር። ሁለት መንግሥታት ዓመታት የፈጀባቸውን ጉዳይ እነዚህ ያልተማሩ ሽማግሌዎች እንዲህ ስለ ተቻኮሉበት አዝናለሁ።

አቶ ዱቤ ግን በሳቅ የተናገረው እውነት ነበር። የዛሬ አምስት ዓመት ወይዘሮ ወለተሐና ስታርፍ ከሬሳው ፊት የሄደ፣ አፈር ያለበሰ፣ ሦስት ቀን ከደጃፌ ያልተነሣ ታን ነው። ይህን ለልጅ የተተወ ሥራ የሚሠራልኝ ልጅ አልነበረኝም፤ የነበሩኝ የት እንዳሉ ከላይ ጽፌአለሁ። ስለዚህ ልጄ አድርጌ በፍርድ ቤት እንድይዘው አመልክቻለሁ፤ እሱም ኢትዮጵያዊ ለመሆን አመልክቷል። ሕጉ አምስት ዓመት የኖረና አማርኛ መናገርና መጻፍ የሚችል ይሁን ይላል። ኑሮውን ከተማው ይመሰክራል። ፊደሉን እኔ እንደ የኔታ ሥርዓት ምንም ሳልቀንስ አስተምሬዋለሁ፤ አርጩሜውን ብቻ ዕድሜውን አክብሬ ተውኩለት። ዛሬ ከመዝጋቢው ጸሐፊ ይልቅ አስተካክሎ ይጽፋል፤ ይህንም ጸሐፊው ራሱ የታንን ማመልከቻ ከገለበጠ በኋላ አምኗል።

የቀረው አንድ መቃወሚያ ነበር፤ ምናልባት የሌላ መንግሥት ዜጋ ቢሆንስ የሚል። ክቡር ሹም ሆይ፣ ምስጋናዬ ወሰን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሰው የእኛ አይደለም ብለው በራስዎ ማኅተም አትመው ላኩልኝ! በአርባ ዓመት የፍርድ ቤት አገልግሎቴ ከተቃራኒ ወገን እንዲህ ያለ ንጹሕ ማስረጃ ተቀብዬ አላውቅም። ደብዳቤዎ በመዝገቡ ፊት ገጽ ተሰፍቶ ለሰኔ ፲፱ ቀጠሮ ቀርቧል። ዳኛው እንዴት እንደሚፈርዱ አላውቅም፤ ሰረዝ ሆኖ መኖር ምን እንደ ሆነ ግን አራት ዓመት ኖሬበት አውቀዋለሁና፣ በቤቴ ሌላ ሰው ሰረዝ ሆኖ እንዲያድር አልፈቅድም።

የመንግሥትዎ ድንጋዮች በየተራራቸው ጸንተው እንዲኖሩ፣ ማኅተምዎም ቀለም እንዳያጣ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት፣ ስሜንም እንደ ነውር ሳልደብቅ ከዚህ በታች እፈርማለሁ፤

ባላምባራስ ቢረሳው ተድላ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ከግራሩ ጥላ ሥር የተነሣነውን ፎቶግራፍ ለክቡርነትዎ መታሰቢያ አያይዤ ልኬአለሁ። ከመካከላችን የማያውቁት ሰው ቢኖር አይጨነቁ፤ እኛ እናውቀዋለን። ኑዛዜዬንም ጽፌ ለአቶ ጂሎ አደራ ሰጥቻለሁ፤ ገበያውን የሚያየውን ቤቴን ከነግቢው፣ አቶ ዱቤ እስከዚያ የሚተውልንን ያህል፣ ስድስት ሰዓት ላይ የቆመውን ሰዓት፣ የወይዘሮ ወለተሐናን ፎቶግራፍና ከእነዚህ ሁሉ በፊት ስሜን የማወርሰው ለልጄ ለዳዳቻ ቢረሳው ነው።