የአባባ መጋዝና የተጣመመው ማስጠጊያ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፤ ከሰዓት

እጄ ቅባት በቅባት ነው፤ ገጽህን ባቆሽሽ አትቀየመኝ፣ ደብተሬ። መርሳ ከተማ ነኝ፣ እናቴ ቤት። የአባባን ባንድሶ፣ የጣውላ መሰንጠቂያ መጋዙን፣ ፈታትቼዋለሁ። ሁለቱን ጎማዎች አጸዳሁ። በላያቸው የሚዞረው ረጅም ምላጭ ዝገት በልቶታል፤ ጥዬ አዲስ አስገባሁ።

አባባ ካረፉ ወዲህ አንድም ቀን አልተነሣም። ልጅ ሆኜ ከት/ቤት ስመለስ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ድምፁን ሰምቼ ምን እንደሚሰነጠቅ አውቅ ነበር። ዋንዛ ሲሆን ያጉረመርማል፣ ባሕር ዛፍ ሲሆን ይጮኻል። አሁን የሚሰማው ባጃጅ ብቻ ነው። ናፈቀኝ።

ወንድሜ ሰይድ ከሐራ ከተማ ለመጋዙ ገዢ አግኝቷል፤ ሰውየው ቅዳሜ ይመጣል። የሰይድ ሐሳብ መጋዙን ሸጦ እማን ወልድያ እሱ ቤት መውሰድ ነው። ክፋት የለውም፣ ብቻዋን ናት። እኔም የምውለው ወልድያ በሰው ወርክሾፕ ተቀጥሬ ነው። እማ ግን ቁርጡን ነግራናለች፤ መጋዙ ከሠራና እኔ ከተመለስኩ ከመርሳ ንቅንቅ አትልም። ካልሠራ ትሄዳለች። ይኸው ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ።

አንድ ነገር አሳዘነኝ። ጣውላው ተደግፎት የሚገፋው ብረት፣ ማስጠጊያው፣ ተጣሞ ታስሯል። መጨረሻ ላይ የአባባ ዓይን ደክሞ ነበር ማለት ነው። የማዕዘን መለኪያ ስኳድራ ይዤ ቀጥ አድርጌ አሰርኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፤ ማታ

አልሆነም።

ሞተሩ ሲነሣ እማ ማንም ሳይጠራት ከጓዳ ወጥታ ከመጋዙ ማዶ ቆመች። ድሮም ቦታዋ ነው። አባባ ይገፋሉ፣ እሷ ተሰንጥቆ የሚወጣውን ትቀበላለች። የተጣሉ ቀን እንኳ ሳይነጋገሩ ጣውላ ሲቀባበሉ ይውሉ ነበር። እኔና ሰይድ በር ላይ ሆነን ማን ቀድሞ ይታረቃል እያልን እንወራረዳለን። ደግ ዘመን ነበር።

ዛሬ ግን ምላጩ ወደ ግራ ይሸሻል። እየታገልኩ እመልሰዋለሁ፣ መልሶ ይሸሻል። አባባ ያደረቁት ዋንዛ አንድ ጫፉ ወፍራም፣ አንድ ጫፉ ስስ ሆኖ ወጣ። እማ ተቀብላ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ምላጩን አጠበቅሁ፣ ጎማውን አስተካከልኩ። ያው ነው።

ሰይድ ደውሎ ጓዟን እንድትቋጥር ነገራት። ቋጠረች። ተናድጃለሁ፤ በማን እንደሆነ ግን እንጃ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፤ ከሰዓት

ማስጠጊያው የተጣመመው በዓይን ድካም አይደለም!

ቁርስ ላይ እማ እንዲህ አለችኝ፦ «አባትህ፣ አላህ ይዘንለትና፣ አዲስ ምላጭ ሲያስገባ መጀመሪያ ቁራጭ እንጨት እኮ ነበር የሚያበላው። ወዴት እንደሚሄድ ሳያየው ብረቱን አያስርም።»

ያኔ ትዝ አለኝ። አባባ ቁራጭ እንጨት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራሉ። ማስጠጊያውን አውጥተው መስመሩን በእጃቸው ብቻ ተከትለው ይሰነጥቃሉ፣ መሀል ላይ ያቆማሉ። እንጨቱ በቆመበት አቅጣጫ ልክ ማስጠጊያውን ያስራሉ። ምላጭ ሁሉ የራሱ አካሄድ አለው። ያንን ጠማማነት ሆን ብለው ነው የሠሩት፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ወልድያ ያለው ማሽን አዲስ ስለሆነ ቀጥ አድርጌ ማሰር ብቻ ለምጃለሁ።

ሮጥኩ። ሰጋቱራውን ስጠርግ ማስጠጊያው የነበረበት መስመር የመጋዙ ጠረጴዛ ላይ በምስማር ተጭሮ አገኘሁት። በሱ ልክ መለስኩት። ደስታዬን አትጠይቀኝ። ገፋሁ።

ሸሸ። አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ። መስመሩ ለካ የዚያ የጣልኩት ምላጭ ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? መስመራቸውን ካገኘሁ የቀረውን እሳቸው ያደርጉልኛል ብዬ ነበር።

መብራት ጠፋ። ነገም የለም እየተባለ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፤ ረፋድ

መብራት መጣ። ሰውየው ከሐራ ተነሥቷል፤ ሰይድ ነው የነገረኝ።

ቁራጭ አነሣሁ። መስመር አሰመርኩ። ምላጩን መታገል ትቼ፣ መስመሩን እንዲይዝ እንጨቱን ቀስ እያልኩ አዞርኩለት። መሀል ላይ አቆምኩ። ማስጠጊያው ከአባባ መስመር ትንሽ ፈንጠር ብሎ አረፈ። ምስማር ፈልጌ የራሴን ጫርኩ። የሳቸውን አልፋቅሁትም።

ከዚያ ዋንዛ አስገባሁ። ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ሄደ። እማ ማዶ ተቀበለችኝ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ጣውላውን አስደግፋ ወደ ቤት ገባች። ደነገጥኩ፣ ያስለቀስኳት መሰለኝ። ስትመለስ የቋጠረችውን ጓዝ ፈትታ፣ የድሮ የሥራ ሻሿን አውጥታ አስራለች።

«ቀጥል እንጂ፣ መብራቱ ሳይሄድብን» አለችኝ።

ሰይድ ጋ ደወልኩ፤ ሰውየው ከመንገድ ይመለስ አልኩት። ተቆጣ። ይበርድለታል። ሰኞ ወልድያ ሄጄ ሥራዬን እለቃለሁ፤ አልጋዬንና ልብሴን ጭኜ እመለሳለሁ።

እማ እየጠራችኝ ነው፤ ሌላ ጣውላ አንሥታ ትጠብቀኛለች።