በራት ሰዓት በር አይንኳኳም

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ዝናብ። ሩሎፍ ሌሊቱን ሲቀሰቅሰኝ አደረ። ትራሱ... ውሃ... እንደገና ትራሱ። ጠዋት ወተት ልገዛ ሱቅ ሄጄ ዳቦ ይዤ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ አውክዬ መጣች። ከመዘምራኑ ጓደኞቼ እንደ እሷ ነገር በቀጥታ የሚናገር የለም። ገና ኮቷን ሳታወልቅ፣ "መልክሽ የተጨመቀ መወልወያ መስሏል" አለችኝ። ዓርብ ከሌላዋ የመዘምራን ጓደኛችን ከፌና ጋር ላይደን ከተማ ይሄዳሉ። ሁለት ሌሊት። እኔም እንድሄድ።

"ሩሎፍስ?"

"አረጋውያኑ ቤት ደውዬ ቦታ ይዤለታለሁ።"

ሳትጠይቀኝ! የሰው ባል! ልቆጣት አፌን ስከፍት ማዛጋት መጣ። ሁለት ሌሊት መተኛት... እሄዳለሁ አልኩ። እኛ የድሬንተ ገጠር ሰዎች ወደ ምዕራቡ ከተሞች ስንሄድ "ሆላንድ ልንሄድ ነው" እንላለን፣ ሌላ አገር ይመስል።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

ከአረጋውያኑ ቤት ተደወለ። ቋሚ ክፍል ተለቋል፣ ከፈለግን የሩሎፍ ይሆናል፣ በሚቀጥለው ሳምንት መልስ ስጡን አሉ። ቋሚ ማለት እስኪሞት ማለት ነው። እንዲህ ብሎ የሚናገር የለም እንጂ።

ስትሮክ ከመታው ሁለት ዓመት አለፈው። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም፣ ንግግሩም ብዙው ጠፍቷል። አጥበዋለሁ፣ አለብሰዋለሁ፣ አበላዋለሁ። እስከ መቼ? ስለ ክፍሉ አልነገርኩትም። ለራሴም በደንብ አልነገርኩም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10

ሩሎፍን አስረከብኩ። ሌላ ቃል ጠፋኝ። የተቀበለን ዮሪት የሚባል ነርስ ነው፣ ትከሻው የበሬ፣ ድምፁ የሕፃን። ድንቹ ይላም፣ በጣም ትኩስ አይሁን፣ አትቸኩሉበት... ብዙ ነገር ነገርኩት። "ገብቶኛል ወይዘሮ ሂሊ፣ አሁን ይሂዱ፣ ባቡሩ ያመልጥዎታል።" ስሜው ስወጣ ሩሎፍ ዞር ብሎም አላየኝ። ተቀይሞ ይሆን? ወይስ አልገባውም?

ባቡር ውስጥ ፌና የተቀቀለ እንቁላል አደለች። ከቤቷ አሥር ደቂቃም ብትርቅ እንቁላል ቀቅላ ነው የምትወጣው። "ብዪ፣ በባዶ ሆድ ማዘን ጥሩ አይደለም።" በላሁ።

ላይደን ፀሐይ ነበረች። ውሃው ላይ ቢጫ ቅጠል ሞልቷል። ሰው የከተማውን የውሃ ቦይ ሲያይ ደስ ይለዋል፣ እኔ ግን በየድልድዩ ፊት ቆሜ ተሽከርካሪው ወንበር በዚህ እንዴት ይወጣል ብዬ አስባለሁ። ሁሉም ጉብ ጉብ ያለ፣ ሁሉም ድንጋይ። ሩሎፍ የለም፣ ወንበሩን ግን ስገፋ ዋልኩ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

ግንድ ሆኜ ተኛሁ። ይኸው አሁንም አልጠገብኩም።

ጠዋት ጀልባ ተሳፈርን። ድልድዮቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ነጂው "ራስ ዝቅ!" ሲል ሁሉም ይጎነበሳል። እኔ አንዱ ድልድይ ሥር እንደተጎነበስኩ ቀረሁ። እንቅልፍ ወሰደኝ። የድሮዎቹ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የዕፅዋቱ ቦታ... ሁሉም አለፈኝ። ስነቃ የፌና ኮት ላዬ ላይ ነው፣ ጀልባው ቆሟል፣ ነጂውም ከላዬ ቆሞ፣ "እትዬ፣ ከተማችን ይህን ያህል ታሰለቻለች?" ይለኛል። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ!

እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ቀን ነበር። ማታ ቦዩ ዳር ፓንኬክ ቤት ገባን። ስለ መዘምራኑ አዲስ መሪ እያማን ነበር። እኔ እጄ ምን እንደሚሠራ አላየሁም። የአውክዬን ሳህን ወደ እኔ ስቤ፣ ፓንኬኳን ደቃቅ አድርጌ ቆራርጬ፣ በሹካ አንሥቼ ወደ አፏ... "ክፈች" ብያታለሁም መሰለኝ። በሌላው እጄ አገጯ ሥር ናፕኪን ይዣለሁ።

ፌና በሳቅ ልትሞት። አውክዬ ግን አልሳቀችም።

"ሩሎፍን እንዲህ ነው የምታበዪው?"

"ታዲያ እንዴት ላብላው?"

"ግራ እጁ ደህና አይደለም እንዴ? በቀደም ቴሌቪዥኑን በግራው ሲቀያይር አይቼዋለሁ።"

"ምግቡን ይደፋዋል።"

"ይድፋዋ! ሸሚዝ ይታጠባል።"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ያንቺ ባል በሁለት እጁ ነው የሚበላው!" ጮህኩ መሰለኝ። አስተናጋጇ ዞር አለች።

አውክዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ሐኪሙ ይመጣል፣ ፊዚዮቴራፒስቷ ትመጣለች፣ እኛም እንመጣለን። በራት ሰዓት ግን ማን ይመጣል ሂሊ? በራት ሰዓት የሰው በር አይንኳኳም። ለዚህ ነው ያላየነው" አለች።

ምን አገባት! የቆረጥኩላትን ፓንኬክ ደግሞ አንድም ሳታስቀር በላችው።

ሞክሬ አላውቅም እንዴ? አንዴ ሞክሬያለሁ፣ ከሆስፒታል እንደወጣ። ሾርባው ደረቱ ላይ ፈሰሰ፣ አለቀሰ። ሩሎፍ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ማንኪያውን ተቀበልኩት። በዚያው ቀረ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

ዝናቡ ተከትሎን መጣ። ሙዚየም ልንሄድ ነበር፣ እግሬ እምቢ አለ። ቀደም ባለው ባቡር ተመለስን። ከአውክዬ ጋር መንገዱን ሙሉ አልተነጋገርንም። ፌና መሃላችን ተቀምጣ አንዴ ለእሷ፣ አንዴ ለእኔ እንቁላል ትልጣለች።

ሩሎፍን የምወስደው ነገ ጠዋት ነበር። ከጣቢያው ወጥተን የአውክዬ መኪና ውስጥ ስንገባ ግን፣ "አረጋውያኑ ቤት አድርሱኝ" አልኩ።

ፌና ሰዓቷን አየች። "አሁን? አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው እኮ፣ ራት ላይ ናቸው!"

"አውቃለሁ።"

በዕድሜዬ አድርጌው አላውቅም። አውክዬ መሪውን አዞረች።

መስኮታቸው እንደ ሁላችንም ቤት መጋረጃ የለውም። በሩ ጋ ከመድረሴ በፊት አየሁት። ጠረጴዛው መሃል ተቀምጧል፣ ፊቱ ድንችና ካሮት፣ ማንኪያው በግራ እጁ። ግማሹ መንገድ ላይ ይወድቃል፣ ግማሹ አፉ ይገባል። አጠገቡ የተቀመጡት አሮጊት የሆነ ነገር ይሉታል፣ እሱ አፉን ሞልቶ ይስቃል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የመጣብኝ ግን ንዴት ነው። ይችላል! ያለ እኔ ይችላል!

ገባሁ። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ፣ እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈና አፉን ከፈተልኝ።

እኔስ ምን አደረግኩ? ወንበር ስቤ አጎረስኩት። እርጥብ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ፣ እስከ መጨረሻው ማንኪያ። አውክዬ በር ላይ ቆማ አይታለች። ቃል አልተነፈሰችም። ለአውክዬ ይህ ተአምር ነው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ለክፍሉ መልስ ልሰጥ ሄድኩ። ዮሪትን፣ "ምን አድርጋችሁት ነው?" አልኩት።

"ምንም። ሰዉ ብዙ፣ እኛ ጥቂት። ሳህኑን አስቀምጠንለት ሌላ ጠረጴዛ ሄድን። ስንመለስ ግማሹን በልቶታል፣ ግማሹን ለብሶታል።" ሳቀ። እኔ ስላልሳቅኩ አፈረ። "ወይዘሮ ሂሊ... እርስዎ ጥፋት የለብዎትም። ርቦት ነው።"

ርቦት ነው። እኔ ዘንድ ተርቦ አያውቅማ።

ደክሞኛል፣ ይህ ውሸት አይደለም። ክፍሉን ብቀበል ማንም አይፈርድብኝም። ግን የደከምኩት በእሱ ነው? ወይስ እሱ የሚችለውንም የማይችለውንም እኔው ልሥራ ብዬ? ማንም አያነበውምና የባሰውን ልጻፈው፦ ያን ዕለት አፉን ሲከፍትልኝ ደስ አለኝ። አለማስፈለግን ከድካሙ አብልጬ ነው የፈራሁት።

ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጡት አልኳቸው። በየሳምንቱ ሐሙስና ዓርብ ግን እዚያ ይደር። ይቻላል አሉ።

ወጥቼ ለአውክዬ ደወልኩ። "ልክ ነበርሽ" ለማለት ነበር። "ሐሙስ ልምምድ እመጣለሁ" ብዬ ዘጋሁ። ገብቷታል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 26

ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ተኛሁ ማለት ይቻላል። መሃል ላይ ዘመርኩ፣ ድምፄ ዝጓል።

ራሱ እንዲበላ ማድረጉን ግን ከቀን ወደ ቀን ሳሻግረው ነበር። ነገ፣ ነገ እያልኩ አጎረስኩት። ዛሬ ምን እንደነካኝ እንጃ። ሳህኑን ፊቱ፣ ማንኪያውን በግራው በኩል አስቀመጥኩ። ከዚያ የራሴን ሳህን አምጥቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

አፉን ከፈተ። ጠበቀ። "ሂሊ" አለ። ስሜ አልጠፋውም።

እጄ ሊነሣ ሲል ሹካዬን ጭምድድ አድርጌ ያዝኩ።

"እኔም ርቦኛል ሩሎፍ" አልኩት።

ጠረጴዛውን መታ። ሰደበኝ፤ ስድብ ከንግግሩ ሁሉ ሳይጎድል የቀረለት እሱ ነው። እኔ ድንቼን እቆርሳለሁ፣ እበላለሁ፣ ምን እንደምበላ አላውቅም። እንባዬ ሳህኔ ላይ ይንጠባጠባል። ቀና ብዬ ባየው መጨከን እንደማልችል ስለማውቅ አላየሁትም።

ብዙ ቆየ። ከዚያ ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ሰማሁ።