ሁለት ቁልፍ ያለው ሣጥን

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር ፲፫ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ዛሬ ለምንሽሬ የብረት ሣጥን ልመርጥ ብረት ሠሪው ዘንድ ሄድኩ። ካሳየኝ ሁለት ሣጥኖች አጭሩ ውስጥ ጠመንጃው ካልተፈታታ አይገባም። ረጅሙ ግን ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ ብቻውን አይከፍተውም። ገርሞኝ ደጋግሜ ሞከርኩት።

«ሌባ ፈርተው ነው ጋሼ?» አለኝ ብረት ሠሪው።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ድንበሬን ገፍቶ ሲያርስ ባየሁ ጊዜ እጄ ወደ ምንሽሩ ሄዶ ነበር። ባለቤቴ በሕይወት ብትኖር እጄን ትይዘው ነበር።

ረጅሙን ገዛሁ። አንዱን ቁልፍ ለንስሐ አባቴ ወስጄ ሰጠሁ።

«ተናድደህ መጥተህ ብትለምነኝስ?» አሉኝ።

«እንዳይሰጡኝ፣ አባ።»

«በእኔ ብትቆጣ ታዲያ የምትመታኝ በዱላ ነዋ!» ብለው ሳቁ።

ከእሳቸው ቤት እስከ ቤቴ ያለውን እርምጃ እየቆጠርኩ ተመለስኩ። አራት መቶ እንኳ አይሞላም። አምላኬ ሆይ፣ ቁጣዬ በዚህች መንገድ ይበርድ ይሆን?