ከማይቆም መኪና ስለወረደው ሞተር ሳይክል ለግራዝማች ሣህለ ማርያም የቀረበ ምስጋና

ቢቸና፣ ኅዳር ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች ሣህለ ማርያም
የገበያ መንገድ ሥርዓት አስከባሪ ሹም
ሞጣ

ክቡር ሆይ፤

ጤናዎ እንደ ትዕዛዝዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም ደጅዎ ላይ በሚቆም መኪና የማይታወክ ይሁን እያልሁ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ይርጋነሽም እንደዚሁ። ለልጅዎ ለወይዘሪት የሺእመቤት ሰላምታ ማቅረብ ይፈቀድልኝ እንደሆነ ገና ስላልወሰኑ፣ እርሷን በዝምታ አልፋለሁ። ዝምታው ግን ረጅም መሆኑን ይወቁልኝ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ልልክልዎ ጀምሬ ነበር። ነገር ግን ጉዳዩ የተፈጸመው በገበያ መካከል፣ በርበሬ በሚሰፍሩና በግ በሚጎትቱ ሰዎች ፊት ስለሆነ፣ ምስጋናውም ለእነዚያው ሰዎች ቢደርስ ይሻላል ብዬ በቢቸናና በሞጣ መኪና መጠበቂያ ግድግዳዎች ላይ እንዲለጠፍ አደረግሁ።

ቆመው ለሚያነቡት ሁሉ ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። እኔ በቢቸና የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ወይዘሪት የሺእመቤት በሞጣ ጤና ጣቢያ ቁስለኛ የምታክም ድሬሰር ናት። ልንጋባ እንፈልጋለን። ክቡርነትዎ «ልጄን ለእግረኛ አልሰጥም» ብለው መናገርዎን በሰማሁ ጊዜ፣ አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ አስተማሪ ሞተር ሳይክሉን እየሸጠ ነበርና ገዛሁት። በቅሎ ማለትዎ እንደ ነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። እንግዲህ አግቢው ሽማግሌ ተከትሎ አይሄድም፤ ሽማግሌዎቼም ሞተር ሳይክል መንዳት አይችሉም። ስለዚህ እነርሱም፣ እግረኛ አለመሆኔን የሚመሰክረው ሞተር ሳይክሉም በአንድ የጭነት መኪና ተጭነው ወደ እርስዎ መምጣት ነበረባቸው። እስከዚህ ድረስ የማንም ጥፋት የለም።

ሽማግሌዎቹም የቅኔው መምህር መሪጌታ ወልደ ኪዳንና የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር አቶ በላቸው ነበሩ። ሦስተኛው ሽማግሌ በመንገዱ ዋዜማ ጉንፋን ያዛቸውና ቀሩ።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። ቁጥር ሲኖር ልቤ ትንሽ ይረጋል።

፩. ስለ መጫን። ቢቸና ላይ መኪናው ቆሞ ነበር፤ ስለዚህ የሚያስደንቅ ነገር አልተፈጸመም። ሞተሩን አጥፍተን፣ ወፍራም ሳንቃ ከኋላ በሩ ላይ አስደግፈን፣ አንዱ መሪውን ይዞ ሁለታችን እየገፋን አወጣነው። በጤፍ ጆንያ መካከል አቁመን በገመድ ጠፈርነው። የመጨረሻውን ቋጠሮ አቶ በላቸው በእጃቸው ቋጠሩትና «ይህን እንኳን ሞተር ሳይክል ወይፈንም አይፈታው» አሉ። እውነታቸውን ነበር። እንዲህ ያለው አሰልቺ አጫጫን ክቡርነትዎ የማይገዙት ከተማ ሁሉ የሚሠራበት መሆኑን አውቄ አፍሬያለሁ።

፪. ስለ ማውረድ። በገበያ ቀን ማንኛውም ተሽከርካሪ ሞጣ ውስጥ በቢቸና በኩል ካለው ኬላ በባሕር ዳር በኩል እስካለው ኬላ ድረስ ለቅጽበት እንኳ እንዳይቆም ማዘዝዎን ሾፌሩ ገላው የሰማው ኬላው ላይ ነው። እርሱ እንደ ነገረኝ ከዘበኛው ጋር እንዲህ ተነጋገሩ፤

«ጭነት አለኝ፣ ላውርድ።»

«አውርድ። አትቁም እንጂ።»

«ሳልቆም እንዴት አድርጌ?»

«እሱን ትዕዛዙ አልጻፈውም።»

እነሆ በዚህ አጋጣሚ፣ ከሚሄድ መኪና ሞተር ሳይክል በደኅና የማውረድ ጥበብ በሞጣ ተጀመረ። ኋላ ለሚመጡ ይጠቅም ዘንድ ዘዴውን እጽፈዋለሁ። በመጀመሪያ ሾፌሩ መኪናውን የሬሳ አጃቢ በሚሄድበት ፍጥነት ይነዳል። ቀጥሎ ሳንቃው ከኋላ በሩ ይንጠለጠላል፤ ጫፉም መሬት ላይ እየዘለለ የሚገዙትንና የሚሸጡትን ያስጠነቅቃል። ከዚያ የኋላ ጎማው ይቀድማል። አንድ ሰው መሬት ላይ ሆኖ መሪውን ይይዛል፤ ይህም ሰው መሪጌታ ወልደ ኪዳን ነበሩ፤ ካባቸውን እንደ ለበሱ። መጨረሻ ላይ ገመዱ ይፈታል።

ገመዱ አልተፈታም።

ስለዚህ ሞተር ሳይክሉ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ በገመድ እየተሳበ፣ ጥጃ ላሟን እንደሚከተል መኪናውን ተከተለ። መሪጌታም መሪውን እንደ ያዙ ጥቂት ተራመዱ፣ ጥቂት ሮጡ፣ እግራቸው አልደርስ ሲል ግን ወጡበት። በጨው ተራ በኩል ሲያልፉ አንዲት ሴት «አባቴ፣ ይያዙት እንጂ» ብትላቸው «ልጄ፣ የያዘኝ እሱ ነው» ብለው መመለሳቸውን ከሦስት ሰው ሰምቻለሁ። በመስጊዱ በኩል ያሉት ነጋዴዎችም ሚዛናቸውን አስቀምጠው መንገድ ጠረጉላቸው። አቶ በላቸው መኪናው ላይ ተንበርክከው የገዛ ቋጠሯቸውን በጥርሳቸው ይፈቱ ነበር። የተፈታላቸው ልክ ከቤትዎ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ ነው።

ይህን በጻፍሁ ቁጥር እስቃለሁ። ብቻዬን። ከዚያ አቆምና የእኔ የዕድሜ ልክ ዕጣ በዚያ ቁልቁለት ላይ ይንከባለል እንደ ነበር ትዝ ይለኛል። ደግሞ እስቃለሁ።

፫. ስለ ተቀመጠው ሽማግሌ። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ ቆሞ ይገባል፤ ቁጭ በሉ ቢባልም እሺታውን ሳይሰማ አይቀመጥም። ይህን ሥርዓት መሪጌታ ከእኔም ከእርስዎም አባት በላይ ያውቁታል። በዚያ ቀን ግን አጥርዎን ያለፉት ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጠው ነው። ወይዘሮ ይርጋነሽ «እንግዳ ነው፣ ግቡ» አሉ፤ ገብተው ነበር። አቶ በላቸው መኪናው የባሕር ዳሩን ኬላ ካለፈ በኋላ ወርደው፣ በእግራቸው ተመልሰው፣ አቧራ ለብሰው ቆመው ሲደርሱ፣ ክቡርነትዎ ፍርድዎን ጨርሰው ነበር፤ «ተቀምጦ የገባ ሽማግሌ መልሱን ይዞ መጥቷል፤ እኔ ሌላ መልስ የለኝም።» መሪጌታ «ግራዝማች፣ ያስቀመጠኝ የእርስዎ ትዕዛዝ ነው» ቢሉ «ትዕዛዜ አትቁሙ ይላል እንጂ ተቀመጡ አይልም» አሏቸው።

ስለ ፍርድዎ ጥራት ቃል አጣለሁ። ሽማግሌዎቼን በገበያ እንዳይቆሙ የከለከለ ሹም፣ በደጁ ስላልቆሙ ሲቀጣቸው ማየት ለተማሪዎቼ የማስተምረው ነገር ሆኖልኛል። ዓለም ክብ ናት የምላቸውን ከዚያ ወዲህ በቀላሉ ያምኑኛል።

፬. ስለ ሦስተኛው ሽማግሌ። ሥርዓቱ ሦስት ሽማግሌ እንደሚጠይቅ አልዘነጋሁም። ሁለቱ በሐዘን ወደ ቢቸና ተመልሰዋል። ሦስተኛው ግን እዚያው ነው፤ መሪጌታ ሲወርዱ በማቆሚያ ብረቱ እንዳቆሙት፣ ፊቱን ወደ ሳሎንዎ አዙሮ ቆሟል። አሽከሮችዎ ሊያነሡት ሞክረው ብረቱን ማጠፍ እንዳቃታቸው ገላው ነግሮኛል። ሳይቀመጥ ፀሐይና ጤዛ የሚፈራረቅበት፣ ውኃ እንኳ ያልጠየቀ፣ በመካከል ገብቶ ያልተናገረ እንዲህ ያለ ጨዋ ሽማግሌ በጎጃም አላውቅም። ለእርሱ መልስ አልሰጡትም።

የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። እምቢታዎ አይደለም። የምፈራው፣ ጠዋት ሲወጡና ማታ ሲገቡ እርሱን እያዩ እየለመዱት እንዳይሄዱ ነው። እኔም እንደዚያ ቆሜ እንዳልቀር። የሺእመቤትም ከመስኮቷ እያየችው።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው ይህ ነው፤ ከሚመጣው የገበያ ቀን በፊት ወደ ደጅዎ ወጥተው አንዲት «እሺ» ይበሉ። ለሞተር ሳይክሉ ቢነግሩት ይበቃል። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቼ ገበያ በሌለበት ቀን ከኬላው ጀምረው በእግራቸው መጥተው ይመርቃሉ፤ እኔም ጉልበትዎን ስሜ በቅሎ እስክገዛ ድረስ የሚሰጡኝን ስም ሁሉ በደስታ እቀበላለሁ።

መንገድዎ ሁልጊዜ ባዶ፣ ኬላዎ ሁልጊዜ ዝግጁ፣ ትዕዛዝዎም ለሚወዱትና ለማይወዱት ሰው እኩል የሚሠራ ይሁን ብዬ በመመኘት፣ ልጅዎ ለመሆን ከደጅ ውጭ የምጠባበቀው፣

ቢሆነኝ ኃይለ ጊዮርጊስ

ግልባጭ፤
ለመሪጌታ ወልደ ኪዳን፣ ጉልበታቸው እስኪሽር ተኝተው ለሚያነቡት
ለአቶ በላቸው፣ ስለ ጥርሳቸው ከይቅርታ ጋር
ለሾፌር ገላው፣ ሳይቆም ለሚያነበው

ማሳሰቢያ፤ ክቡርነትዎ በሥራ ላይ ሳሉ ወይዘሪት የሺእመቤት የማቆሚያ ብረቱን ማጠፍና መዘርጋት፣ ከዚያም ሞተሩን ማስነሣት እንደ ለመደች፣ በግቢዎም ውስጥ ዶሮዎቹን ወይዘሮ ይርጋነሽ እየሰበሰቡላት ስትዞር እንደ ሰነበተች ደርሶኛል። «እሺ» የሚለው ቃል ካልመጣ፣ በገበያው ቀን ሞተር ሳይክሉን ራሷ እየነዳች በከተማው መካከል ወደ ቢቸና ልታልፍ ቆርጣለች፤ ሐሳቡ የእርሷ ነው፤ እኔ የተነገረኝ የት እንደምጠብቃት ብቻ ነው። ለእግረኛ መቆም ስላልተከለከለ ከቢቸናው ኬላ ወደ ውስጥ፣ በከተማው በኩል ጥግ ይዤ እቆማለሁ። እርሷ መቆም ስለማይፈቀድላት እኔ እየሮጥሁ ከኋላዋ እጫናለሁ። ክቡርነትዎ በዚያ ሰዓት «ቁሙ» ብለው ቢጣሩ፣ በገዛ አፍዎ ትዕዛዝዎን ሲያፈርሱ ገበያው እንዲያይብዎ ስለማንፈልግ፣ ለክብርዎ ስንል አንቆምም።